የስኮላርሺፕ ፎርም ለምትሞሉ ልጆች

ዛሬ ከሰዓት የጎረቤታችን ልጅ የስኮላርሺፕ ፎርም ይዛ መጣች። ዲግሪዋን ጨርሳለች፤ አሜሪካ ማስተርስ መማር ትፈልጋለች። ፎርሙ «አንደርግራጁዌት» ወይስ «ግራጁዌት» ይላል። ጣቷ አንደርግራጁዌቱ ላይ ቆሟል። «ግራጁዌት የተመረቀ አይደል እንዴ? እኔ ማስተርሱን ገና አልጀመርኩ» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ግራ ያጋባል። አሜሪካኖች ግራጁዌት ስቱደንት የሚሉት የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ የሚማረውን ነው። አንደርግራጁዌት ገና የመጀመሪያውን የሚማር ነው። እንግሊዝ አገር ብታመለክት ደግሞ ያው ማስተርስ ፖስትግራጁዌት ይባላል። የኛው «ቅድመ ምረቃ» እና «ድህረ ምረቃ» እንዴት ግልጽ ናቸው!

አሜሪካኖች ለየዓመቱ ተማሪ የሚሰጡት ስምም አለ። ፍሬሽማንን፣ አንደኛ ዓመቱን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሶፎሞር ሁለተኛ ዓመት፣ ጁኒየር ሦስተኛ፣ ሲኒየር አራተኛ ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ከፍሬሽማን በላይ ያለውን ሁሉ ሲኒየር ስለምንል እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። አሜሪካ የ9ኛ ክፍል ተማሪም ፍሬሽማን ነው፤ የ12ኛው ሲኒየር።

እንዲህ ያለች ጎበዝ ልጅ በአንዲት ሳጥን ምክንያት ዕድሏ እንዳያመልጣት በጣም ነው የምሰጋው። ፎርም እየሞላችሁ ግራ የገባችሁ ካላችሁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ፤ አብረን እናየዋለን።