20፣ ከዚያ 23፣ በመጨረሻ 22፦ የቬስፓዬን ማርሽ ያገኘሁበት መንገድ

ቬስፓዬ ፒኤክስ 125 ናት። የቬስፓ ሠሪው ፒያጆ ፒኤክስን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። የኔዋም ከዚያ ዘር ናት፤ ባለሁለት ምት ሞተር፣ በግራ እጅ የሚጠመዘዝ አራት ማርሽ። ለዓመታት ከፋብሪካ እንደወጣች ነዳኋት። ከዚያ እጄን በላኝና ሲሊንደሯን ቀየርኩ። ጣጣው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

የፋብሪካው ፒስተን ስፋቱ 52.5 ሚሊሜትር፣ ምቱ (ፒስተኑ ወጥቶ የሚወርድበት ርቀት) 57 ሚሊሜትር ነው፤ ሲሰላ 123 ሲሲ ይሆናል። እኔ ባለ 63 ሚሊሜትር ሲሊንደር አስገባሁ። ምቱን ስላልነካሁት 177 ሲሲ ሆነ። ማርሚታውንም (የጭስ ማውጫውን) በዚያው ሆዱ በተነፋው የእሽቅድምድም ዓይነት ቀየርኩት። ይህን ማርሚታ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ሞተሯ ሌላ ሆነች። ዳገት ላይ ድሮ ወደ ሁለተኛ የምመልስበትን ቦታ በሦስተኛ መውጣት ጀመርኩ። ሜዳ ላይ ግን ወዲያው አራተኛ አስገባለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ያልቃል። 82 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሞተሯ በደቂቃ 6000 ዙር እየዞረች ትጮሃለች። ግራ እጄ ሳላውቀው አምስተኛ ማርሽ ፍለጋ ይጠመዘዛል። አምስተኛ ማርሽ የለም።

እዚህ ላይ ማንም የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «ማርሹን አቅልለው።» በሾፌሮች አነጋገር ከባድ ማርሽ ጉልበት ያለው፣ ቀስ የሚለው ነው። ቀላል የሚባለው ፈጣኑ ነው። እኔም ላቀል ተነሳሁ። ስንት ላቅል የሚለውን ግን ማንንም አልጠየቅኩም፤ አልለካሁምም።

ሒሳቡን የሠራሁት ከተሳሳትኩ በኋላ ቢሆንም ለናንተ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የሞተሩ ዙር ጎማው ጋ ከመድረሱ በፊት ሁለት ቦታ ላይ ይቀንሳል። የመጀመሪያው ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው) ጋ ነው። ፍሪሲዮኑ ጀርባ ላይ ባለ 20 ጥርስ ትንሽ ጊር አለ፤ እሷ ባለ 68 ጥርስ ትልቅ ጊር ታዞራለች። 68 ለ20 ሲካፈል 3.4 ነው። ሁለተኛው ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ውስጥ ነው። በኔዋ ላይ አራተኛው ማርሽ 21 ጥርስ 36 ጥርስ ሲያዞር ነው፤ 1.714 ይሆናል። ሁለቱን አባዙት፤ 5.83። ሞተሩ 5.83 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ካቴና የለም፤ ጎማው ከካምቢዮው በሚወጣው ዘንግ ላይ በቀጥታ ነው የታሰረው።

(ላምብሬታ የሚባለው ሌላው ስኩተር ያላችሁ፣ የናንተ በካቴና ነው። ሊ 150 ላይ ለምሳሌ ፊት 15 ኋላ 46 ጥርስ ነው። ሒሳቡ ያው ነው፤ ነገር ግን ፊት ላይ አንድ ጥርስ መጨመር ኋላ ላይ ሦስት ያህል ጥርስ እንደመቀነስ ነው። ጥርስ ስትቀይሩ የካቴናው ርዝመትም አብሮ ሊቀየር እንደሚችል አትርሱ።)

ቀጥሎ ጎማው በአንድ ዙር ስንት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። ጎማዬ 3.50 በ10 ነው። ጎማው ላይና መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግኩ፣ ተቀመጥኩባት፣ ጓደኛዬ ቀስ አድርጎ ገፋኝ። የጎማው ምልክት ዞሮ መሬት ሲነካ በሜትር ለካነው፤ 1.33 ሜትር። ሰው ሳይቀመጥባት መለካት ዋጋ የለውም፤ ጎማው ሲጫን ይሟሽሻል። ንፋሱም ልክ መሆን አለበት።

1.33ን በ60 ብታባዙ 80 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ ለዚህ ጎማ 80ን ለጠቅላላው ቅነሳ ስታካፍሉ፣ ሞተሩ በደቂቃ 1000 ዙር ሲዞር የምትሄዱበትን ፍጥነት ታገኛላችሁ። 80 ለ5.83፣ 13.7። በ6000 ዙር 82 ኪሎ ሜትር። ያቺ የምትጮህብኝ ፍጥነት! ይህን ሒሳብ አንድ ወረቀት ላይ ለአራቱም ማርሽ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ባልከፈትኩ።

የሞተሩን ዙር ያወቅኩት የካንዴላ ገመድ ላይ በሚጠመጠም ትንሽ መቁጠሪያ ነው። መጀመሪያ በሚኒሞ፣ ጋዝ ሳልሰጥ፣ 2400 ብሎ አስደነገጠኝ። ለካ ለባለአራት ምት ሞተር ተስተካክሎ ነው። ባለሁለት ምት ሞተር በእያንዳንዱ ዙር አንዴ ስለሚተኩስ እጥፍ አድርጎ ነው የቆጠረው። ፍጥነቱን ደግሞ በስልኬ ጂፒኤስ ነው የለካሁት። የቬስፓ ፍጥነት መለኪያ ከፊት ጎማ ስለሚነሳ ማርሽ ብትቀይሩም አይዛባም። የኔዋ መርፌ ግን እርጅና ይዟት ትደንሳለች፤ እሷን ማመን ትቻለሁ።

ወደ ስህተቴ ልመለስ። ፒኤክስ 200 ላይ ትንሹ ጊር 23፣ ትልቁ 65 ጥርስ መሆኑን አውቅ ነበር። 2.83 ቅነሳ። «የኔዋ 177 ናት፣ ያቺ 198 ናት፤ ምን ልዩነት አለው?» አልኩ። ለዚያውም ሞተር ላለመክፈት ባለ 23 ጥርሱን ከነፍሪሲዮኑ ብቻ ገዛሁ። ፍሪሲዮን ለማውጣት የኋላ ጎማውን አንስቶ ክዳኑን መክፈት ይበቃል፤ መሀል ላይ ያለችውን ባለ ጥርስ ዳዶ የሚፈታ ልዩ ኪያቤ ካላችሁ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። አወጣሁ። አዲሱን ብገፋው፣ ባዞረው፣ ብለምነው አልቀመጥ አለ።

ነገሩ ግልጽ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላየሁት። የሁለቱ ዘንጎች ርቀት ብረቱ ላይ የተበሳ ነው፣ አይቀየርም። 20 እና 68 ሲደመር 88። 23 እና 65 ሲደመርም 88። እኔ ግን 23ን ከ68 ጋር ላገናኝ ስታገል ነበር፤ 91። ሦስቱ ትርፍ ጥርስ የት ይግባ? ከ88 ውጭ የሆኑ ጥንዶች በገበያ አሉ፤ እነሱ የጥርሱ ቅርጽ ተስተካክሎ ለዚያው ጥንድ ተብሎ የተሠራላቸው ናቸው። ስለዚህ ትንሹን ጊር ስትገዙ «ስንት ጥርስ ነው?» ብቻ ሳይሆን «ከስንት ጥርስ ጋር ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን እልህ ያዘኝ። ሞተሩን አውርጄ ለሁለት ከፈልኩት። ትልቁ ጊር ካምቢዮው ውስጥ፣ ፈረንጆቹ በቅርጹ የገና ዛፍ በሚሉት ዘንግ ላይ ነው ያለው። በመሀል ንዝረት የሚውጡ ትንንሽ ሞላዎች አሉ፤ ሁሉም በሪቬት ተመትቶ ነው የታሰረው። ሪቬቶቹን በትሪፓኖ በስቼ አወጣሁ፣ ባለ 65ቱን ከአዲስ ሞላ ጋር አስመታሁ። ከተከፈተ አይቀር ኩሽኔታውንም፣ የዘይት ጎሚኒውንም፣ ጓርኒሲዮኑንም በአዲስ ቀየርኩ። ይኼኛው ውሳኔዬ አልቆጨኝም።

የመጀመሪያው ቀን ሠርግ ነበር። መንገዱ ሜዳ፣ ነፋሱ ከኋላ። ጠቅላላ ቅነሳዬ 4.85 ሆኗል፤ በ1000 ዙር 16.5 ኪሎ ሜትር። ሞተሯ ዝም ብላ ትሄዳለች። በ6000 ዙር 99 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወረቀቱ እንደሚለው። ከሰዓት ስመለስ ነፋሱ ከፊት ሆነ። ትንሽ ዳገትም አለች፤ ድሮ ዳገት መሆኗን እንኳ የማላውቃት። በአራተኛ 75 ላይ ነኝ፤ ሞተሯ ቀስ በቀስ ታፈነች። 70 ሆነ፣ 65 ሆነ። ወደ ሦስተኛ መለስኩ፤ ዘላ ተነሳችና 75 ደረሰች። አራተኛ አስገባሁ፤ እንደገና ታፈነች። ከሁለት ያጣ ሆንኩ። በሦስተኛ እየጮህኩ ቤቴ ገባሁ።

ማርሚታው ያልኳችሁ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ያ ማርሚታ ጉልበት የሚሰጠው ከ5000 ዙር በላይ ነው፤ ከዚያ በታች ሞተሯ እንቅልፍ ላይ ናት። የ200ዋ ሞተር ከፋብሪካው ማርሚታ ጋር ከታች ጀምራ ትጎትታለች፤ ለዚህ ነው 23 በ65ን የምትችለው። በኔ አዲስ ማርሽ 75 ኪሎ ሜትር በሰዓት በአራተኛ ማለት 4550 ዙር ማለት ነው፤ ከእንቅልፉ ወለል በታች። በሦስተኛ ደግሞ 5900 ነው፤ ነቅታ ትሠራለች። አራተኛን ነቅታ እንድትቀበል ሦስተኛን እስከ 6500 ዙር፣ ማለትም እስከ 82 ኪሎ ሜትር መሳብ ነበረብኝ። ነፋስ ከፊት ሲኖር ደግሞ እዚያ አትደርስም።

እንደ እኔ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የፍሪሲዮኑን ጥርስ ስትቀይሩ አራቱም ማርሽ አብረው ይቀላሉ። በሦስተኛና በአራተኛ መሀል ያለው ክፍተት ግን አይነካም። በኔዋ ካምቢዮ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ስሄድ የሞተሩ ዙር ሁልጊዜ ወደ 77 በመቶ ይወርዳል፤ 6500 የነበረው 5000 ገደማ ይሆናል። በፊትም እንደዚያው ነበር፣ በኋላም እንደዚያው ነው። የተቀየረው ክፍተቱ የሚመጣበት ፍጥነት ነው። ነፋስን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው የሚያድገው። በ75 እና በ82 መሀል ሰባት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ነፋሱ ግን 30 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። ያንን ነው ሳላውቅ ከሞተሬ የጠየቅኩት።

መነሻውም አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። አንደኛ ማርሽ ከሌሎቹ ጋር አብሮ ቀልሏል። ሰው አፈናጥጬ ዳገት ላይ ስነሳ ፍሪሲዮኑን ረጅም ጊዜ ማንሸራተት ግድ ነበር። የፍሪሲዮን ቡሽ ሲቃጠል የሚሸተውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ያፈናጠጥኩት ሰው «የምን ሽታ ነው?» ሲለኝ «የፊተኛው መኪና ነው» አልኩት። መንገዱ ላይ መኪና አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳሁት። ጥያቄውንም ገለበጥኩት። ስንት ኪሎ ሜትር ልሩጥ ማለቱን ትቼ፣ ነፋስ ከፊት ባለበት መንገድ ይህቺ ሞተር በአራተኛ ስንት ልትይዝ ትችላለች አልኩ። ከድሮው ማርሽ ጋር በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ ባለ ቀን 75 ያለ ችግር እንደምትይዝ አስታወስኩ። እንግዲያው 75 ላይ አራተኛዋ 5000 ዙር ትሁን። 75 ለ5፣ 15። 80 ለ15፣ 5.33። ይህን ለ1.714 ሳካፍለው 3.11 መጣ። ገበያ ላይ የጥርሱ ቅርጽ ተስተካክሎ ከባለ 68ቱ ጋር እንዲሠራ የተደረገ ባለ 22 ጥርስ ጊር አለ፤ 68 ለ22፣ 3.09። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

አንጀቴን ያቃጠለኝ ባለ 22ቷ ከፋብሪካው ትልቅ ጊር ጋር መሥራቷ ነው። መጀመሪያውኑ እሷን ገዝቼ ቢሆን ጎማ አውጥቼ፣ ፍሪሲዮን ቀይሬ፣ ማታውን እነዳ ነበር። አሁን ግን ባለ 68ቱን ለመመለስ ሞተሩን ዳግም መክፈት ሆነ። ከፈትኩት። ሪቬት በሳሁ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ፈጥኖ አለቀ፤ ያ ትንሽ አጽናናኝ።

ከዚያ ወዲህ በ6000 ዙር 90 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው ስምንት ብቻ ይበልጣል። ሲነገር ትንሽ ነው። መንገድ ላይ ግን ያቺን ዳገት በአራተኛ እወጣታለሁ፤ ከተቸገርኩም ሦስተኛ በ75 ላይ 6500 ስለሆነ አንድ ጊዜ መልሼ፣ ስቤ፣ እንደገና አራተኛ ስሰጣት ትቀበላለች። ሰው አፈናጥጬም ሽታ የለም።

200 ያላችሁ ሌላ ነገር ሞክሩ። የናንተ አራተኛ ማርሽ 35 ጥርስ ነው፤ የኔዋ 36። ሞተሩን ሌላ ጉዳይ ኖሯችሁ ከከፈታችሁት ባለ 36ቱን አስገቡ። ከሦስተኛ በ6000 ዙር ስትቀይሩ 4475 ላይ ከመውደቅ 4600 ላይ ትቀመጣላችሁ። 125 ዙር ቀልድ ይመስላል፤ ማርሚታ የቀየረ ሰው ግን አይስቅም። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን ሞተር አትክፈቱ።

ባለ 65ቱ ጊር አሁን ዘይት በነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ነው። በቀደም ጓደኛዬ፣ ያ ጎማውን ስንለካ የገፋኝ፣ 150 ገዝቶ ሲሊንደር ሊቀይር ነውና ሽጥልኝ ብሎኝ ነበር። የትኛውን ማርሚታ ልታስገባ ነው ስለው እስካሁን አላሰበበትም። ጠመኔውን ሰጠሁት፤ ቅዳሜ እኔ እገፋዋለሁ።