በራችን ላይ «ክልክል ነው» ብዬ ጽፌ ያገኘኝ

ይህን ነገር አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ድስቱም አይገዛም፣ እኔም ከቀብር አልቀርም ነበር።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። በር የሚያንኳኳ እዚህ ብርቅ አይደለም። ልዋጭ ትመጣለች፣ ቆራሌው ይጮሃል፣ ሱቅ በደረቴው ካልሲና ባትሪ ይዞ ብቅ ይላል። እነሱ አንዴ «አንፈልግም» ከተባሉ ይሄዳሉ። አዲሶቹ ግን ሌላ ናቸው። አንገታቸው ላይ ባጅ፣ እጃቸው ላይ ደረሰኝ የሚመስል ጥራዝ፣ አፋቸው ላይ «ፕሮሞሽን ነው እናቴ፣ ዛሬ ብቻ!»

ኅዳር ላይ እኔ ሥራ ቦታ እያለሁ ሁለት ልጆች መጥተው ለእማዬ «የማይዝግ» ሦስት ድስት ሸጡላት። ዋጋው 4,000 ብር፤ 1,500ውን ያኔውኑ ተቀበሉ፣ ቀሪው በወሩ። ውርጭ ነው ብላ አስገብታ ቡና አፍልታላቸዋለች። ጠጥተው፣ መርቀው ነው የሄዱት። በሦስተኛው ቀን ትልቁ ድስት ላይ ሽንኩርት ስታቁላላ አንዱ ጆሮ ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ገልብጬ ሳየው ብሎኑ የገባበት ቆርቆሮ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው።

ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ ቢሮ ሄድኩ። ደረሰኝ አምጣ አሉኝ፣ የለም። ጥራዙ ላይ የጻፉት የእማዬን ስም ብቻ ነው። የሻጩ አድራሻስ? የለም። በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813 ማለት ነው፣ ሻጭ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ጉድለት ያለበትን ዕቃም በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ ማለት ይቻላል። ሕጉ ጥሩ ነው። ግን የት ወስጄ ልመልሰው? ሱቅ የለውማ! ይህን ስናገር ሠራተኛው ከስልኩ ቀና ሳይል ጥፋቱ የእናቴ እንደሆነ አስረዳኝና «በርህ ላይ ክልክል ነው ብለህ ጻፍ፣ አለቀ» አለኝ።

አሜሪካ ያለችው እህቴም በስልክ ያንኑ ደገመችልኝ። እዚያ በብዙ ከተማ ቤት ለቤት የሚሸጥ ሰው ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ያወጣል፣ አንዳንዱ ከተማ ደግሞ «አታንኳኩብኝ» የሚል ነዋሪ የሚመዘገብበት ዝርዝር አለው። ግሪን ሪቨር የምትባል የዋዮሚንግ ከተማ በ1931 እ.ኤ.አ. ሳይጋበዝ የሚያንኳኳን ሻጭ የሚከለክል ደንብ አውጥታ ስሟ ለእንዲህ ዓይነት ደንቦች መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ቤትህ መጥቶ የሸጠልህን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላለህ። ቀናሁ፣ አልዋሽም።

ቀይ ቀለም ገዝቼ ቆርቆሮ በሩ ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ «ያለ ፈቃድ ማንኳኳት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» «በጥብቅ»ን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ፎቶ አንስቼ ሁሉ ለእህቴ ልኬያለሁ።

በአራተኛው ቀን ተንኳኳ። ባጅ ያንጠለጠለ ልጅ ነው። «አላነበብክም?» አልኩት። «አንብቤያለሁ ጋሼ፣ እኛ ፈቃድ አለን» ብሎ ባጁን አሳየኝ። የምለው ጠፋኝ፣ ምክንያቱም በጽሑፌ መሠረት ልጁ ትክክል ነው።

የቀረው ማን መሰላችሁ? ጠዋት ጠዋት «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚመጣው የቆሎ ተማሪ። ደበሎ ለባሽ፣ አኩፋዳ በትከሻው፣ ውሻችን እንኳን መጮህ የተወለት ልጅ። እማዬ የሱን ድርሻ በሰሃን ከድና ሳምንት ጠበቀች። ፊደል ሥራው የሆነ ልጅ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ጽሑፌን በቅጡ ያነበበው እሱ ነው። እማዬ ነገሩ ሲገባት ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። ላሊበሎች ብቻ አልተበገሩም። ጎህ ሳይቀድ በጨለማ መጥተው፣ የእማዬን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ኖሮ፣ በዜማ እየጠሩ ቀሰቀሱን። በጨለማ ማን ያነባል?

ታኅሣሥ ላይ እማዬ ብርዱን ሽሽት ሸዋ ሮቢት እህቷ ዘንድ ወረደች። በዚያው ሰሞን ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ያሉ እናት ማታ አረፉ። የዕድሩ ጠሪ በሩ ድረስ መጥቶ፣ በባትሪው አብርቶ አንብቦ ዞረ። እኔ ውስጥ ቁጭ ብዬ ኳስ አያለሁ። ጠዋት በሌላኛው መንገድ ወደ ሥራ ወጣሁ፤ ከሰዓት ስመለስ ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ከቀብር ተመልሶ ተቀምጧል። እኒያ ሴትዮ ልጅ ሆኜ ስወድቅ ጉልበቴን አጥበውልኛል። ልጃቸው ቀና ብሎ አየኝና መልሶ አቀረቀረ። ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የዕድሩ ዳኛ ግን አልማሩኝም። «አንተ ልጅ፣ ሞትም ፈቃድ አውጥቶ ይምጣ ነው የምትለው?» አሉኝ በሰው ፊት። ቅጣቱንም ከፈልኩ። ጠሪውን ልወቅሰው ፈልጌ ነበር፣ ግን «በጥብቅ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ሕጉን ያነበብኩት፣ መጀመሪያ ማንበብ ሲገባኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትንና መኖሪያ ቤትን ይጠብቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ባለቤቱ በግልጽ እየተቃወመ ቤቱ ወይም ይዞታው የሚገባን ሰው ጥፋተኛ ያደርገዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ማንኳኳቱ ሳይሆን መግባቱ ነው። ሻጭን የግቢው በር ላይ አቁሙት፣ «አትግባ» በሉት፣ ጎረቤት ቢሰማ ደግሞ የተሻለ። ቡናውን ለሌላ ቀን። ንግድ ፈቃዱን ፎቶ ሳታነሱና ደረሰኝ ሳትቀበሉ አንዲት ብር አትስጡ፤ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ቢሮው «ክልክል ነው ብለህ ጻፍ» ያለውን ግን እንዳትሰሙ። አሜሪካኖቹ እንኳን በ2002 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው፣ ቤት ለቤት ሃይማኖቱን የሚሰብክ ሰው ፈቃድ አውጣ አይባልም ብሎ ከሻጭ ለይቶታል። እኔ ነኝ ሁሉንም በአንድ ቀለም የቀባሁት። አሁን በሩ ላይ ያለው «ዕቃ አንገዛም። ለዕድር፣ ለማኅበር፣ ለተማሪ ክፍት ነው» የሚል ነው። የእማዬ ዘዴ ግን ከኔ ይበልጣል፦ ሻጭ ሲመጣ በሩን ሳትከፍት «እግዜር ይስጥልን» ትላለች፣ ለለማኝ እንደሚባለው። ባጅ ያንጠለጠለ ልጅ ይህን ሲሰማ ተናዶ ነው የሚሄደው።

የቆሎ ተማሪው በጥር ተመለሰ። ድስቱ ዶሮዎቹ ውኃ ይጠጡበታል። ቀሪውን 2,500 ብር ሊቀበል እስካሁን የመጣ የለም፤ እሱ ቢያንኳኳ እንኳን ሮጬ ነው የምከፍትለት።