መስመሩ የት ገባ? ከአክሲስ ገደብ ጋር የታገልኩባቸው ቀናት

ሥራው ቀላል ነበር። ሰርቨሮች ያሉበትን ክፍል ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለ። በየ10 ደቂቃው አንድ ንባብ ፋይል ላይ ይጽፋል። የኔ ድርሻ ፋይሉን በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) አንብቤ፣ ግራፍ በሚሥለው የፓይተን ላይብረሪ በማትፕሎትሊብ የሳምንቱን የመስመር ግራፍ መሥራት ነው። ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ስለሚሆን የቋሚውን አክሲስ፣ ማለትም ሙቀቱን የሚያሳየውን የግራፉን የጎን መስመር፣ ገደብ ከ15 እስከ 30 አደረግኩት። «ሴት ዋይሊም» (set_ylim) ለሚባለው ትእዛዝ ሁለት ቁጥር መስጠት ነው፣ አለቀ።

ግራፉ ሲወጣ መስመሩ ተቆራርጧል። በላይ በኩል ይወጣል፣ በታች በኩል ብቅ ይላል፣ መሃል ላይ ይጠፋል። ገደቡን ከ10 እስከ 40 አሰፋሁት። ቁርጥራጩ ጨመረ እንጂ አልተስተካከለም። ከ0 እስከ 100 ሳደርገው መስመሩ በሙሉ ታየ፤ ቅርጹ ግን ከክፍሉ ሙቀት ጋር ምንም አይገናኝም። ግማሽ ቀን ቁጥር ስቀያይር ዋልኩ።

መልሱ የተገኘው ገደቡን ትቼ በአክሲሱ ጎን የተደረደሩትን ቁጥሮች ሳነብ ነው። ተደራርበው ስለነበር አጉልቼ አየኋቸው። ከታች 21.4፣ ከላዩ 20.9፣ ከሱ በላይ 22.3 ይላል። ቅደም ተከተል የላቸውም! የቁጥር አክሲስ እንዲህ ሊሆን አይችልም።

ወደ ፋይሉ ተመለስኩ። ሴንሰሩ ንባብ ሲያመልጠው በቁጥሩ ቦታ ሰረዝ ይጽፋል። ፋይሉን የማነብበት የፓይተን ላይብረሪ፣ ፓንዳስ፣ ያቺን ሰረዝ ሲያገኝ ኮለሙን (ዓምዱን) በሙሉ ጽሑፍ አድርጎ ይይዘዋል። ማትፕሎትሊብም ጽሑፍ ሲሰጡት ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ስህተት ብሎ አይጮህም። እያንዳንዱን የተለየ ጽሑፍ እንደ ምድብ ይቆጥርና፣ መጀመሪያ ላገኘው 0፣ ለቀጣዩ 1፣ ከዚያ 2 እያለ ቦታ ይሰጠዋል። ስለዚህ እኔ «ከ15 እስከ 30 ዲግሪ አሳየኝ» ስለው፣ እሱ የተረዳው «ከቦታ ቁጥር 15 እስከ 30 ያሉትን ምድቦች አሳየኝ» ብሎ ነው። የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የተለያዩት ንባቦች ከ100 በታች ስለነበሩ ነው 0 እስከ 100 ላይ ሁሉም የታየው።

መፍትሔው ከግራፉ በፊት ነው ያለው። የፓንዳስ «ቱ ኒውሜሪክ» የሚባለው ፈንክሽን ኮለሙን ወደ ቁጥር ይቀይራል። መቀየር የማይችለውን ባዶ እንዲያደርገው ማዘዝም ይቻላል። ሰረዞቹ ባዶ ሲሆኑ መስመሩ እዚያ ቦታ ላይ ይቋረጣል። ይህ ትክክል ነው፤ ያልተለካ ነገር መታየት የለበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገደብ ሲያስቸግረኝ መጀመሪያ የማደርገው የኮለሙን ዓይነት፣ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ ማየት ነው።

ቀኑን በሚያሳየው አግድም አክሲስ ላይ ደግሞ ሌላ ገጠመኝ። 27 ዲግሪ ላይ የማስጠንቀቂያ መስመር ላሰምር ፈለግኩ። የሳምንቱ ንባቦች ብዛት 1008 ስለሆነ መስመሩን ከ0 እስከ 1008 ዘረጋሁት። ሙሉው ዳታዬ ቀኝ ጥግ ላይ ተጨምቆ አንድ ቀጥ ያለ ጭረት ሆነ። አክሲሱ የሚጀምረው ከ1970 ነው! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማትፕሎትሊብ ቀንን ውስጡ የሚይዘው በቁጥር ነው። ከ3.3ኛው ቨርዥን ጀምሮ፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ ዜሮው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1970 ሲሆን አንድ ማለት አንድ ቀን ነው። የኔ የማስጠንቀቂያ መስመር ከ1970 እስከ 1972 ተሰምሯል ማለት ነው። አክሲሱም ሁለቱንም ለማሳየት ተለጠጠ። «አክስ ኤችላይን» የሚባለውን ስጠቀም ችግሩ ጠፋ፤ እሱ የግራፉን ስፋት ይከተላል እንጂ የቀን ቁጥር አይጠይቅም። አክሲሳችሁ 1970 ካለ፣ የሆነ ቦታ ላይ ቀን መሆን የነበረበት ቁጥር አለ። ይህን ምልክት ማወቅ ብዙ ሰዓት ያድናል።

ቀጥሎ ግራፉ በየ10 ደቂቃው ራሱን እንዲያድስ አደረግኩ። «ሴት ዳታ» (set_data) የሚባለው ትእዛዝ አዲሱን ንባብ ይጨምራል፤ አክሲሱ ግን አይንቀሳቀስም። ይሄኛው የታወቀ ነው። የዳታውን ዳርቻ እንደገና የሚያሰላውን «ሪሊም» እና አክሲሱን በዚያ ልክ የሚያስተካክለውን «ኦቶስኬል ቪው» ተከታትሎ መጥራት ያስፈልጋል። ጠራኋቸው። አግድሙ ተስተካከለ፣ ቋሚው ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱ መጀመሪያ ላይ የጻፍኳት ያቺው አንድ መስመር ነበረች። «ሴት ዋይሊም» ሲጠራ ገደቡን ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን፣ የዚያን አክሲስ ራስ-ሰር ማስተካከያም ያጠፋል። እንደገና ካላበራችሁት እንደጠፋ ይቀራል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጊዜ ያባከነ ነገር ነው። አንዱ ግን ከዚያ በላይ ነበር፣ ዛሬም ይከነክነኛል።

የቋሚውን አክሲስ ገደብ ሆን ብዬ ከ15 እስከ 30 መለስኩት፤ ሳምንትን ከሳምንት ለማነጻጸር አንድ ዓይነት ስኬል ያስፈልጋል። አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣው ለግማሽ ሰዓት ቆመ። ሙቀቱ 33፣ ከዚያ 38፣ ከዚያ 31 ደርሶ ተመለሰ። በግራፉ ላይ የታየው መስመሩ የላይኛውን ጠርዝ ነክቶ ሲወርድ ብቻ ነው። ግራፉን ያዩት ሰዎች «30 ደርሶ ነበር» ብለው አለፉት። እኔም አለፍኩት። 38ን ያገኘሁት ከቀናት በኋላ፣ ለሌላ ሥራ ፋይሉን ስከፍት ነው። ማትፕሎትሊብ ከገደብ ውጭ ያለውን ነጥብ ይቆርጠዋል፤ ስለ ቆረጠው ደግሞ ምንም አይናገርም። ሳምንቱን ሙሉ ማየት የነበረብን አንድ ነገር እሱ ነበር፣ የሸፈነው ደግሞ እኔ ያስቀመጥኩት ገደብ ነው።

ገደቡን በራስ-ሰር ብተወውስ? አስቤበታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 2.0 ቨርዥን ጀምሮ ላይብረሪው በዳታው ዙሪያ 5 በመቶ ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ምንም ነጥብ አይጠፋም። ችግሩ ግን የአንድ ዲግሪ ለውጥ ብቻ ባለበት ጸጥ ያለ ሳምንት ግራፉ ያንን አንድ ዲግሪ ተራራ ያሳክለዋል። ለኔ ሥራ የማይለወጥ ገደብ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፣ የተቆረጠው እስከተነገረ ድረስ።

ስለዚህ አጭር ፈንክሽን ጻፍኩ። ግራፉ ከተሳለ በኋላ «ጌት ዋይሊም» ብሎ ትክክለኛውን ገደብ ከአክሲሱ ይጠይቃል፤ እኔ የጻፍኩትን ሳይሆን አሁን ያለውን። ከገደቡ ውጭ ስንት ንባብ እንዳለ ይቆጥራል፣ ከፍተኛውንም ይፈልጋል። ባዶዎቹን የሚዘለውን «ናንማክስ» መጠቀም ግድ ነው፣ አለበለዚያ አንዲት ባዶ ንባብ መልሱን በሙሉ ባዶ ታደርገዋለች።

አሁን በግራፉ ቀኝ ጥግ «ከገደብ ውጭ፦ 0» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ። ቁጥሩ ዜሮ ካልሆነ ጽሑፉ ቀይ ይሆንና ከፍተኛውን ንባብ ከነሰዓቱ ያሳያል። ያንን ሳምንት መልሼ ሳስኬደው «ከገደብ ውጭ፦ 3፣ ከፍተኛ 38» አለ።