የገጠር ትምህርት ቤት የከተማው ቅጂ መሆን የለበትም

ስለ ገጠር ትምህርት መሻሻል ሲነሳ ውይይቱ ብዙ ጊዜ የጎደለውን በመቁጠር ይጀምራል፤ መጽሐፍ አይዳረስም፣ ቤተ ሙከራ የለም፣ መምህሩም ዝውውር ይጠይቃል። ጉድለቱ እውነት ነው። ይሁንና ጉድለትን ብቻ የሚቆጥር ዕቅድ መለኪያው የከተማ ትምህርት ቤት ስለሆነ፣ የገጠሩ ምንጊዜም ያነሰ ሆኖ ይታየዋል። በተለያዩ አገሮች ስለተሳኩ ሥራዎች ሳነብ የማስተውለው ግን ጥሩ ውጤት ያመጡት የገጠሩን አኗኗር ራሱን መነሻ ያደረጉት መሆናቸውን ነው።

ለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቅሰው ኮሎምቢያን ነው። በዚያ አገር ገጠር አንድ መምህር የተለያየ ክፍል ተማሪዎችን በአንድ ክፍል ውስጥ ማስተማሩ የተለመደ ነበር፤ ለአንደኛ ክፍል ፊደል ሲያስቆጥር ሌሎቹ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የትምህርት ባለሙያዋ ቪኪ ኮልበርትና ባልደረቦቻቸው «ኤስኩዌላ ኑዌቫ» (አዲስ ትምህርት ቤት) በሚል ስያሜ የጀመሩት አሠራር ይህን ድብልቅ ክፍል እንደ ችግር ከማየት ይልቅ ሥርዓት አበጀለት። ተማሪው ብቻውን ወይም ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ሊከተለው የሚችል የመማሪያ መምሪያ ተዘጋጀ፤ መምህሩም ከሰሌዳው ርቆ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተዘዋወረ የተቸገረውን ያግዛል። አዝመራ ለመሰብሰብ ከቤተሰቡ ጋር የዋለ ልጅ ሲመለስ ካቆመበት ገጽ ይቀጥላል እንጂ በመቅረቱ ብቻ ዓመቱን ሙሉ አይደግምም።

እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን ከግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ነገር ነው። ልጆቹ የመንደራቸውን ካርታ ይሥላሉ፤ የትኛው እህል መቼ እንደሚዘራና መቼ እንደሚሰበሰብ ወላጆቻቸውን ጠይቀው የእርሻ የቀን መቁጠሪያ ያዘጋጃሉ። በዚህ መንገድ ማንበብ የማይችል አባት እንኳን ለልጁ ትምህርት የዕውቀት ምንጭ ይሆናል። ወላጅን ለስብሰባና ለመዋጮ ብቻ የሚጠራ ትምህርት ቤት ይህን ቅርበት አያገኝም። ዩኔስኮ በላቲን አሜሪካ አገሮች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ንጽጽር፣ ከትልልቆቹ ከተሞች በስተቀር የኮሎምቢያ የገጠር ተማሪዎች ከከተማ እኩዮቻቸው የተሻለ ውጤት ማስመዝገባቸውን አሳይቷል። አሠራሩ በሺዎች ወደሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ሲስፋፋ የመምህራን ሥልጠናው በየቦታው እኩል አልደረሰም፤ መምሪያው ብቻውን የመምህሩን ዝግጅት እንደማይተካ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ሕንፃው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1932 በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ለጥቁር ሕዝብ ልጆች ወደ 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች በባለጸጋው ነጋዴ በጁሊየስ ሮዘንዋልድ ድጋፍ ተሠርተዋል። ድጋፉ የሚገኘው ሕዝቡም የበኩሉን ሲያዋጣ ነበር፤ በመጨረሻም ከራሱ ከሮዘንዋልድ ገንዘብ ይልቅ የጥቁር ማኅበረሰቡ መዋጮ በለጠ። እነዚሁ ሰዎች ለመንግሥት ግብር ከፍለው ለልጆቻቸው ተገቢውን ስለተነፈጉ፣ ይህን መዋጮ የልግስና ታሪክ ብቻ አድርጎ መናገር ትክክል አይመስለኝም። ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ረጃጅሞቹ መስኮቶች የጠዋትና የከሰዓት ብርሃን እንዲያስገቡ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይዞሩ ነበር። በብዙዎቹ ውስጥ ሁለት ክፍሎችን የሚለየው ግድግዳ ተንቀሳቃሽ ነበር፤ ሲከፈት ቤቱ ለመንደሩ የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል። አዋቂዎች የሚገቡበት ምክንያት ያለው ትምህርት ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚቆረቆርለት አያጣም።

እንዲህ ያለው ጥቅም በበጀት ሠንጠረዥ ላይ አይታይም። ቻይና እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ትንንሽ የገጠር ትምህርት ቤቶችን እየዘጋች ተማሪዎችን ወደ ትልልቆቹ ስታዛውር፣ በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ረጅም መንገድና ከወላጅ የራቀ የአዳሪነት ኑሮ ቅሬታ ስላስነሱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2012 መዝጋቱን ገታው። ለአንድ ተማሪ የሚወጣውን ወጪ ብቻ ያሰላ ባለሥልጣን የሰባት ዓመት ልጅ የሚጓዝበትን ርቀት በየትኛው ዓምድ ላይ እንደሚጽፈው መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለሁለተኛ ደረጃ ግን በየመንደሩ ትምህርት ቤት መክፈት ስለማይቻል ርቀቱ አይቀርም። የሕንዷ ቢሃር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2006 ዘጠነኛ ክፍል ለሚገቡ ልጃገረዶች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ስትጀምር፣ በዚህ ደረጃ የልጃገረዶች ምዝገባ በ30 በመቶ ገደማ መጨመሩን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል፤ ለውጡም ትምህርት ቤቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች የጎላ ነበር። ልጃገረዶቹ ተከታትለው በቡድን መጓዛቸው ደግሞ የወላጆችን ሥጋት ቀንሷል። ስለዚህ ትንንሾቹ በመንደራቸው ይማሩ፣ ለታላላቆቹ መንገዱ ይቅለል እላለሁ፤ በጀት ሲጠብም መጀመሪያ የሚቀነሰው ከእነዚህ ከሁለቱ መሆን የለበትም።