አጎቴ ምን ይትከል?

እሑድ ነው። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፤ እኔንም ያለ ምክንያት ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። የነሐሴ ሰማይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርገኛል። የሞተብኝ የለ፣ የጎደለብኝ የለ፣ ግን እንባ እንባ ይለኛል። እህቴ ሁኔታዬን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ ቡና ልታፈላ ተነሣች። ከሰሉን ምድጃው ላይ ስትደረድር አንድ ቁራጭ አነሣሁ። ከጣት ትንሽ ወፈር ያለ፣ ልጡ ሳይቀር ቅርጹን እንደያዘ የከሰለ ነው። ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የተሠራ ነው፤ የእኛ አካባቢ ሰው አይቶ አይስተውም።

ይህ ቁራጭ ከአጎቴ ማሳ የወጣ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ቡናውም ስለ ሆዴም ማሰብ ተውኩ።

ከእንጅባራ ተነሥቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ግራና ቀኙን ደን ለብሶ ያይ ነበር። ጥንታዊ ደን የሚመስለው አለ፤ አይደለም። ገበሬው በገዛ ማሳው ላይ ተክሎ ያበቀለው ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ያ አገር እንዲህ አልነበረም። የወረዳችን የፋግታ ለኮማ መሬት ቀይ ነው፤ ዝናቡ ብዙ ስለሆነ አፈሩ ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል። ማዳበሪያ ቢበተንለት እንኳ እህሉ እንደ ልብ አይጠቀምበትም። ግብርናዎች ኖራ ጨምሩበት ይላሉ፤ ልክ ናቸው፣ ግን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው ኖራ በኩንታል የሚቆጠር ነው፣ ዋጋውና ማጓጓዣው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አጎቴ ጤፍ ዘርቶ የዘሩን ያህል እንኳ ሳያገኝ አውድማ ላይ ቆሞ ዝም ሲል አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ ዲከረንስ መጣ። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ማንም በትእዛዝ አላስተከለውም ማለት ይቻላል፤ አንዱ ገበሬ ከሌላው እያየ ነው የተዛመተው። የአጎቴ ሚስት ዘሩን እንዴት እንደምታዘጋጅ ዛሬም በዓይኔ ላይ አለ። የዘሩ ሽፋን ድንጋይ ነው፣ እንዲሁ ቢዘራ አይበቅልም። ስለዚህ ውሃ ታፈላና ዘሩ ላይ ትደፋበታለች፤ አድሮ ሲያብጥ ወንዙ ዳር ባለው መደብ ላይ ትዘራውና ከላዩ የሣር ዳስ ትሠራለታለች። ችግኙን ለጎረቤት ሸጣ ያገኘችው ብር የእሷ ነው፤ ለማንም አታስነካም። የመጀመሪያዋን የቆርቆሮ ክዳን የገዛችው በዚያ ነው።

የዚህን ዛፍ ጥበብ ከተማ ያለ ሰው ቢረዳልኝ ደስ ይለኛል። ሐምሌ ላይ ጤፉ ሲዘራ ችግኙም እዚያው ማሳ ውስጥ በመስመር ይተከላል። የመጀመሪያው ዓመት ጤፍ ይታጨዳል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ከዛፎቹ ሥር ሣር ይበቅላል፤ ከብት አይገባበትም፣ እየታጨደ ለቤት ይወሰዳል ወይም ይሸጣል። በአራተኛው በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጣል፣ እዚያው ማሳው ላይ ይከመራል፣ ሣርና አፈር ለብሶ ይከስላል። ከዚያ መሬቱ እንደገና ይታረስና ጤፍ ይዘራበታል። ዛፉ ሥሩ ላይ ናይትሮጅን የሚያጠራቅም ስለሆነ፣ ቅጠሉም አፈር ላይ ስለሚበሰብስ፣ ጤፉ ከድሮው የተሻለ ይሆናል። አዙሪቱ ይህ ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቤተሰቡ ባዶ እጁን የሚቀመጥበት ዓመት የለም።

እኔ ስለ ዛፍ ተከላ ሳስብ ልቤን የሚያንገበግበኝ ይህ ነጥብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ከተከሉት መካከል ነበርኩ፤ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ድረስ ለጥፎኝ ደስ ብሎኝ ነው የተመለስኩት። አሁንም አልጸጸትም፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ። ነገር ግን ጥር ላይ፣ ፀሐዩ ሲከር፣ ያንን ችግኝ የሚኮተኩተው ማን ነው? ከፍየል የሚጠብቀውስ? በራሱ ማሳ የተከለ ገበሬ ጥር ላይ ችግኙ ዘንድ የሚሄደው ማንም ጠርቶት አይደለም፤ የልጁ ደብተርና የሚስቱ ነጠላ እዚያ ስላለ ነው። በወላይታ ሁምቦ የሆነውም ይኸው ነው። እዚያ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ያገገመው በአብዛኛው በአዲስ ችግኝ ሳይሆን ከመሬት በታች ሕይወት ካለው የጉቶ ሥር ነው። ሕዝቡ ከሚያቆጠቁጠው ውስጥ ጠንካራውን እየመረጠ፣ ሌላውን እየመለመለ፣ ከብት እየከለከለ አሳደገው። ተራራው ለሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት በሕግ ተሰጥቷቸው የእኛ ነው ማለት ስለቻሉ ነው ያደረጉት። ሣሩን ያጭዳሉ፣ ጭራሮውን ይለቅማሉ፣ ከካርበን ሽያጭም፣ ማለትም ዛፎቹ ከአየር ለሚሰበስቡት ካርበን ከሚከፈለው፣ ገንዘብ አግኝተዋል።

ከሰል ሲባል ፊታቸው የሚጠቁር ወዳጆች አሉኝ። የደን ጠላት አድርገው ነው የሚያዩት። ከተፈጥሮ ደን እየተመነጠረ የሚከስለውን እኔም እጠላለሁ፤ ወይራና ግራር ሲከስል ማየት ያመኛል። ተተክሎ፣ ተቆርጦ፣ እንደገና የሚተከለው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ እህል ነው። እንዲያውም ዲከረንሱ ባይኖር ኖሮ ለዚያ ሁሉ የከተማ ምድጃ የሚቆረጠው የትኛው ዛፍ ይሆን ነበር?

ደስታው ግን አልዘለቀም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ በሽታ ታየ። ፈንገስ ነው። መጀመሪያ ጫፍ ጫፉ ቡናማ ሆነ፣ ከዚያ ቅርንጫፉ ጎበጠ፣ ከዚያ ማሳው ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲዘል የሚያቆመው አልተገኘም፤ አገሩ ሁሉ አንድ ዛፍ ነበርና። መሐል ላይ ቆም የሚያደርገው ሌላ ዓይነት ዛፍ አልነበረም።

ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ጌዴኦ ነው። ለሥራ ዲላ ሄጄ ሳለ ከከተማው ወጣ ብዬ አንድ የገበሬ ጓሮ ገብቼ ነበር። ገደል በሚመስል ዳገት ላይ ነው፤ ያ አገር ደግሞ በገጠር ሕዝብ ጥግግት ከኢትዮጵያ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ቀና ስል ዋንዛና ብርብራ፤ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፤ ከቡናው ሥር ጎመንና ቦዬ። አፈሩ ለስላሳ፣ ጥቁር፣ እርጥብ ነበር፤ በዚያ ዳገት ላይ አንድ ቦረቦር አላየሁም። የቡናው ዋጋ ቢወድቅ እንሰት አለ፣ እንሰት ቢታመም ቡናው አለ። ባለቤቱ አዛውንት ከዛፎቹ አንዱን መታ መታ አድርገው፣ «ይህንን አባቴ ነው ያቆየልኝ፣ የልጄ ቤት ማገር ነው» አሉኝ። ያ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ጌዴኦ ሳልሆን እንደ ጌዴኦ ነበር ደስ ያለኝ።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደወለ። ስለ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ከተጠያየቅን በኋላ፣ «ልጄ፣ ዲከረንሱ እንደምታውቀው ከዳን። መሬቱን ባዶ አላሳድረውም፤ ለከርሞ ችግኙ ከአሁኑ መታሰብ አለበት። አንተ ከተማ ነህ፣ የተማረ ታውቃለህ። እስኪ ጠይቅልኝ፣ ምን ልትከል?» አለ። «እሺ አጎቴ፣ ለመስቀል ስመጣ እነግርዎታለሁ» አልኩት።

የጌዴኦን ጓሮ በእኛ አገር፣ በአዊ፣ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም፤ ብርዱ ለቡና አይሆንም። አዊ ግን የራሱ አለው። ቀርከሃው የታወቀ ነው፤ እንጅባራ መንገድ ዳር የሚሸጠው ወንበርና አልጋ ሁሉ የእሱ ውጤት ነው። አንዴ ሥር ከሰደደ በኋላ ሦስት ዓመት የሞላውን እየለዩ በየዓመቱ መቁረጥ ይቻላል፣ እናቱ አትሞትም። ብሳና ለንብም ለአፈርም ጥሩ ነው። አፕል የጨንቻን ደጋ ገበሬ ጠቅሟል፣ የእኛም ደጋ ነው። ዋንዛ ጣውላው ወርቅ ነው፣ የሚደርሰው ግን አሁን የሚድኸው ልጅ አድጎ ሲዳር ነው። ቀርከሃውም ቢሆን የሚቆረጥ እስኪሆን ዓመታት ይፈልጋል። የአፕሉ ችግኝ ደግሞ ውድ ነው።

ታዲያ ምን ልበለው? ቀርከሃውን በወንዙ በኩል፣ ዋንዛና ብሳናውን ዳር ዳሩን፣ አፕሉን ከጓሮ ይትከል፣ መሐሉን ግን እንደገና ለዲከረንስ ይስጠው ልበል? በሽታው ተመልሶ ቢመጣስ? ዲከረንሱን ጨርሶ ይተወው ካልኩትስ፣ ሌሎቹ እስኪደርሱ ድረስ መስከረም በመጣ ቁጥር የልጆቹን ደብተርና ዩኒፎርም በምን ይግዛ?