የሕፃናት ዕድገትና የእኛ ጥድፊያ

በጅማ ሂርማታ ሰፈር ቡና በተፈላ ቁጥር «ልጅሽ ገና አልሄደም እንዴ?» የሚለው ጥያቄ ከፈንዲሻው ጋር አብሮ ይቀርባል። ጠያቂዎቹ ክፋት የላቸውም፤ እናት ግን ልጇን ከጎረቤት ልጅ ጋር ስታስተያይ ታመሻለች። የዓለም ጤና ድርጅት ጋናንና ህንድን ጨምሮ በአምስት አገሮች ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሕፃናት ያለ ድጋፍ መራመድ የሚጀምሩት ከ8 ወር አንሥቶ እስከ 17 ወር ተኩል ገደማ ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ጥቂቶቹ ጭራሽ በእጅና በጉልበታቸው ሳይድሁ ሄደዋል። እርግጥ ነው፣ ከ18 ወር በኋላም የማይራመድ ወይም የቻለውን መልሶ ያጣ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከመዋዕለ ሕፃናት የሚጀምረው ጥድፊያ ነው። የአንደኛ ክፍል መግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ሆኖ ሳለ፣ የአራት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ማታ ማታ እርሳሱን በጡጫዋ ጨብጣ ሙሉ ገጽ ፊደል ትገለብጣለች፤ መስመር ስትስት በላጲስ ትፈገፍጋለች፣ ወረቀቱም ይቀደዳል። ይህችው ልጅ ከአያቷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእናቷ ጋር በአማርኛ ስታወራ ሁለቱን ትቀላቅላለች፤ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ይህ የተለመደ ነው (እኛ ትልልቆቹስ ገበያ ስንወጣ መች እንለያቸዋለን?)። ሰሞኑን እናቷ ደብተሩን ዘግታ ቡና ታስለቅማት ጀመር፤ ጣቶቿ የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ለመለየት አልሰነፉም። መምህርቷም ለጊዜው ሁለት መስመር ብቻ እንድትጽፍ ተስማምታለች።