ሁሉንም ለ24 ማካፈል

ከእውነተኛው 24 ጊዜ የሚያንስ ሞዴል መኪና በምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ከቢላዋውም ከሙጫውም በፊት እጄ የሚሄደው ጥቃቅን መጠን ወደሚለካው መሣሪያ፣ ወደ ካሊፐሩ ነው። የእውነተኛውን መኪና የአንድ ክፍል መጠን ባገኘሁ ቁጥር፣ የበር እጀታም ይሁን የጭስ ማውጫ፣ ለ24 አካፍዬ ውጤቱን ደብተሬ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ፤ ከዚያም ከኪቱ፣ ማለትም የሞዴሉን ተገጣጣሚ ክፍሎች ከያዘው ሣጥን፣ ጋር የመጣውን ክፍል ለክቼ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያያለሁ። ልዩነታቸው አንዳንዴ ከምንም አይቆጠርም፤ አንዳንዴ ደግሞ ሦስትና አራት እጥፍ ሆኖ ይገኛል። ሞዴሎቼ በንጽሕና ተሠርተው ሳለ አሻንጉሊት የሚመስሉበትን ምክንያት ለዓመታት ስፈልግ ቆይቼ ያገኘሁት በዚህ ደብተር ውስጥ ነው። ሞዴልን ከሁሉ በላይ የሚያጋልጠው ሳይካፈል የቀረ ውፍረት ነው።

የ1/24 ልኬት መነሻው የእንግሊዞች መለኪያ ሲሆን፣ በእውነተኛው መኪና ላይ አንድ ጫማ የሆነው በሞዴሉ ላይ ግማሽ ኢንች ይሆናል። አብዛኞቹ የአሜሪካ ኪቶች ግን 1/25 ናቸው። ይህ ልኬት የመኪና ሻጮች ለደንበኞቻቸው ያቀርቧቸው ከነበሩት ተገጣጥመው ከሚመጡ የማስተዋወቂያ ሞዴሎች ጋር አብሮ የተለመደ ነው፤ ከእነዚህ ሞዴሎች አምራቾች አንዱ የነበረው ኤኤምቲም እ.ኤ.አ. በ1958 ገዢው ራሱ የሚገጣጥማቸውንና ከአንድ ሣጥን በሦስት ዓይነት መልክ ሊሠሩ የሚችሉ ኪቶችን አወጣ። ርዝመቱ 4.8 ሜትር የሆነ መኪና በ1/24 ሲሠራ 20 ሳንቲ ሜትር፣ በ1/25 ሲሠራ ደግሞ 19.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ስምንት ሚሊ ሜትር በቦዲ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ የአንዱን ቦዲ በሌላው ሻንሲ ላይ ማስቀመጥ አያስኬድም፤ ሞተርን ወይም መቀመጫን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ግን ዓይን አይለየውም።

አምራቾቹ መለካቱን አልሰነፉም። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን የፖርሽ 934 (የ911 የእሽቅድምድም ዓይነት) ሞዴል ሲያዘጋጅ እውነተኛ ፖርሽ 911 ገዝቶ ፈትቶታል፤ ይህን ታሪክ ባስታወስሁ ቁጥር ለሥራው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። ይሁን እንጂ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢለካ፣ ፕላስቲክ በሻጋታ ውስጥ ፈስሶ ሳይሰበር ለመውጣት የተወሰነ ውፍረት ያስፈልገዋል። የእውነተኛ መኪና ላሜራ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ለ24 ሲካፈል ከወረቀት ይሳሳል። የኪቱ ግድግዳ ግን ራሱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ወደ እውነተኛው መጠን ቢመለስ 24 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ መኪናው ከጣውላ የተሠራ ይመስላል። ይህ በይበልጥ የሚታየው ከጎማው በላይ ባለው የፓራፋንጎ ቅስትና በኮፈኑ ጠርዝ ላይ ነው። እኔ ጠርዙን ከውስጥ በኩል በቢላዋ እፍቅና በክብ እንጨት ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰዋለሁ። ለዓይን የሚታየው የመጨረሻው ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው እንደ ወፈረ ቢቀር ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ቦዲውን ያጠነክረዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ቀለም ነው። በእውነተኛ መኪና በርና በፓራፋንጎ መካከል ያለው ክፍተት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ በሞዴሉ ላይ 0.17 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሁን ከቀለም በፊት የሚቀባው ፕራይመር፣ ቀለሙና በላዩ የሚደረገው ቀለም አልባ አብረቅራቂ ሽፋን፣ ክሊሩ፣ ተደራርበው 0.1 ሚሊ ሜትር ደረሱ እንበል። ይህ ውፍረት ክፍተቱን በሚያሳየው መስመር ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ሲጨመር 0.2 ሚሊ ሜትር ይሆንና መስመሩ ከነጭራሹ ይደፈናል። በመጀመሪያው ሰማያዊ መኪናዬ ላይ የደረሰው ይኸው ነበር፤ አብረቅራቂ ሆኖ ወጣ፣ ነገር ግን በር አልነበረውም። ስለዚህ አሁን ቀለም ከማሰቤ በፊት በየመስመሩ ውስጥ የመጫሪያውን ጫፍ ደጋግሜ እጎትታለሁ። ክብደቱን ሳልጫነው አሥር ጊዜ ማለፍ፣ ተጭኖ ሁለት ጊዜ ከማለፍ እጅግ ይሻላል፤ የተጫኑት መሣሪያ ከመስመሩ ሲያፈተልክ በበሩ መሃል ላይ በስቱኮ የሚደፈን ጭረት ይተዋልና። ፕራይመሩ ከደረቀም በኋላ አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ።

ቀለሙን በኤርብራሽ፣ በአየር ግፊት በሚሠራ ትንሽ መርጫ፣ የምረጨው እንደ ወተት እስኪቀጥን ድረስ በቲነር አቅጥኜ፣ ግፊቱን ከ1 እስከ 1.4 ባር አድርጌ ነው። የመጀመሪያው ዙር ፕላስቲኩን ሊሸፍን አይገባውም፤ ጭጋግ መስሎ ይለፍ። የሚቀጥሉት ስስ ዙሮች ቀስ በቀስ ይሸፍኑታል። ቦዲው ከቀይ ፕላስቲክ የተሠራ ሆኖ ነጭ ልቀባው ባሰብሁ ጊዜ መጀመሪያ ብርማ ቀለም አለብሰዋለሁ፤ አለዚያ የፕላስቲኩ ቀይ ማቅለሚያ ወደ ላይ እየሰረገ ነጩን ሮዝ ያደርገዋል። ለእውነተኛ መኪና የተዘጋጀ ብረታማ ቀለምም አልጠቀምም፤ በውስጡ ያሉት አንጸባራቂ ቅንጣቶች አልተካፈሉምና በትንሹ ቦዲ ላይ እንደ አሸዋ ጎልተው ይታያሉ። ላኬር የተባለውን ኃይለኛ ትነት ያለው ቀለም የሚረጭ ሰው አየር በሚወጣበት ቦታ ሆኖ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ጭምብል ማድረግ አለበት፤ ተራው የአቧራ ጭምብል ትነቱን አያስቀርም።

ክሊሩ ሲደርቅ ገጹ የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ሸካራነት ይኖረዋል። ይህም የልኬት ጉዳይ ነው፤ በእውነተኛ መኪና ላይ እምብዛም የማይታየው ጉብታ በሞዴል ላይ 24 ጊዜ ያህል ጎልቶ ይነበባል። ቀለሙ በሚገባ እስኪጠነክር ቀናት እጠብቅና በውኃ በረጠበ የብርጭቆ ወረቀት ከ2000 ቁጥር ጀምሬ ወደ ለስላሳዎቹ እየተሻገርሁ አሸዋለሁ፤ በመጨረሻም በማለስለሻ ቅባት እወለውላለሁ። በማዕዘኖችና በሹል ጠርዞች ላይ ቀለሙ የሳሳ ስለሆነ እዚያ ፈጽሞ አልነካም፤ አንዴ ፕላስቲኩ ብቅ ካለ ሥራው ከፕራይመሩ ይጀመራል።

ከቀለሙ ወደ ሞተሩ ስሸጋገር ደስታዬ ይጨምራል። ኪቶች በአብዛኛው የካንዴላ ገመዶችን አያካትቱም። እውነተኛው ገመድ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ለ24 ሲካፈል 0.33 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በስስ ፕላስቲክ የተሸፈነ ከዚህ ያልበለጠ ሽቦ እፈልጋለሁ። ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር ዘጠኝ ገመድ ይጠይቃል፤ ስምንቱ ወደ ካንዴላዎቹ፣ አንዱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚያመነጨው ኮይል ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ በየተራ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር መሃል። በዲስትሪቢውተሩ ራስ ላይ ዘጠኝ ቀዳዳ በእጅ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ለመብሳት አንድ ምሽት ሙሉ ይሄዳል፤ መሰርሰሪያው 0.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንሽ ቢያዘነብል ይሰበራል። ገመዶቹንም እንደ መጣልኝ አልሰካም። የቆየው አነስተኛ የሼቭሮሌ ቪ-8 ሞተር የእሳት ቅደም ተከተል፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ በየተራ የሚቀጣጠሉበት ሥርዓት፣ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው፤ ጎዶሎዎቹ ሲሊንደሮች በአንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው ወገን ይሰለፋሉ። ይህን ተከትዬ ስሰካ ገመዶቹ በዲስትሪቢውተሩ አጠገብ የሚጠላለፉበት አኳኋን ከእውነተኛው ሞተር ፎቶግራፍ ጋር አንድ ይሆናል። በዘፈቀደ የተሰካውን የሞተር ዕውቀት ያለው ሰው ኮፈኑን እንደ ከፈተ ያውቀዋል።

የውስጡ ሥራ ፈጥኖ ያልቃል። የደኅንነት ቀበቶ ስፋቱ 48 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ስስ ሪባን ይበቃዋል፤ ወለሉም ላይ ነጭ ኮላ ቀብቼ የጨርቅ ብናኝ እነሰንስበታለሁ። መስታወቶቹን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ግን ከባድ ስሕተት ነው። የሙጫው ትነት በመስታወቱ ላይ ነጭ ጉም ሆኖ ይጋገራል፤ አንድ ጊዜ ቦዲውና ሻንሲው ከተገጠሙ በኋላ ይህ ደርሶብኝ የፊት መስታወቱን ከነቦዲው ማላቀቅ ግድ ሆኖብኛል። ከዚያ ወዲህ ለመስታወት የምጠቀመው ሲደርቅ ጥርት የሚለውን ነጭ ኮላ ብቻ ነው።

ክብደትን ግን ለ24 አንድ ጊዜ ማካፈል አይበቃም። ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ሦስቱም ስለሚቀንሱ ክብደት የሚካፈለው ለ13,824 ነው፤ 1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በዚህ ስሌት 100 ግራም ገደማ ይሆናል። እውነተኛ ጎማ በመኪናው ክብደት ተጭኖ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠፍጠፍ ይላል፤ የሞዴሉን ደንዳና ጎማ ግን ያ ጥቂት ግራም አይጫነውም፤ ስለዚህ መኪናው በአራት ነጥብ ብቻ መሬት የነካ፣ ሊንሳፈፍ የተቃረበ ይመስላል። እኔ ከእያንዳንዱ ጎማ ሥር ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት አነሣለሁ። በዚያው ወረቀት የጎማውን ገጽ ሁሉ ቀለል አድርጌ ስፈትገው የሻጋታው ስፌት ይጠፋና ድፍን ጥቁርነቱ ወደ ጥቁር ግራጫ ይለወጣል፤ መንገድ ላይ የዋለ ጎማ መልኩ እንደዚያ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፎቶግራፍ አነሣዋለሁ። የቆመ ሰው ዓይን ከመሬት 1.6 ሜትር ቢርቅ ለ24 ተካፍሎ 6.7 ሳንቲ ሜትር ይሆናልና የካሜራውን ሌንስ ከጠረጴዛው በዚያ ከፍታ አስቀምጣለሁ፤ ከላይ ወደ ታች የተነሣ ሞዴል ምንጊዜም ሞዴል ነው። ትናንት ያጠናቀቅሁትን አረንጓዴ መኪና በዚሁ ከፍታ አንሥቼ ሥዕሉን ሳሰፋው የበሮቹ መስመር ስስ፣ ጎማዎቹም መሬት የረገጡ ነበሩ። የዝናብ መጥረጊያዎቹ ግን ከኪቱ እንደ መጡ ናቸው፤ ስለካቸው 1 ሚሊ ሜትር ሆኑ፣ ማለትም 24 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክንድ። ነቅያቸዋለሁ፤ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የናስ ሽቦም ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል።